«ሙያ በልብ» ስለሚባለው ብሂል የቀረበ ትችት፤ ከጋፋት መድፍ እስከ ዛሬው ኩባንያ

በአገራችን «ሙያ በልብ» የሚል ብሂል አለ። ሰው የሚያውቀውን ነገር በአፉ ሳያበዛ በሥራው ይግለጽ ለማለት የተነገረ ስለ ሆነ፣ በዚህ ትርጉሙ ጉራን የሚያስጠላ መልካም ምክር ነው። ነገር ግን ብሂሉ በየመንደሩና በየመሥሪያ ቤቱ ሲሠራበት የሚታየው በሌላ ትርጉም ነው። ይኸውም የምታውቀውን ለሌላ አታሳይ፤ ያሳየህ እንደ ሆነ እንጀራህን ትቀማለህ የሚል ነው። የዚህ ጽሑፍ አሳብ ይህን ሁለተኛውን ትርጉም መተቸት ነው። አዲስ ዕቃ ሠርቶ ለገበያ ለማውጣት የሚፈልግ ማኅበር ወይም ኩባንያ በገንዘብ እጦት ከሚጎዳው ይልቅ በዚህ አመል እንደሚጎዳ፣ ለአመሉም ተጠያቂው ባለሙያው ብቻ ሳይሆን ባለሙያውን የሚንቀው ሰው ጭምር እንደ ሆነ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ምሳሌዎቼን በይበልጥ የማወጣው ከተወለድኩበት አገር ከእስቴ፣ ከጎረቤቶቹም ከስማዳ፣ ከጋይንትና ከደብረ ታቦር አካባቢ ነው። የሩቅ አገር ምሳሌ የማነሣው ለማነጻጸር ያህል ብቻ ነው።

1. ማረሻና ቀጥቃጭ

በገበያ ቀን ማረሻ የሚገዛ ገበሬ ብረቱን በእጁ ያገላብጣል፤ በድንጋይ ያንኳኳዋል፤ ከዚያም የማን ሥራ እንደ ሆነ ይጠይቃል። ይህ ሰው ስለ ማረሻ ብዙ ያውቃል። የጉና ግርጌ ደጋ መሬትና ወደ ዓባይ ወይም ወደ በሽሎ የሚወርደው ቆላ አንድ ዐይነት አፈር እንዳይደለ፣ በአንዱ የሚበረክተው ብረት በሌላው ድንጋይ ቶሎ እንደሚዶለድም በየዓመቱ ያየዋል። ቀጥቃጩም በበኩሉ ብረቱ በወናፍ እሳት ግሎ ምን መልክ ሲይዝ በመዶሻ እንደሚመታ፣ ምን መልክ ሲይዝ ከውሃ እንደሚነከር ያውቃል። ይህን በቃል አስረዳ ቢሉት ይቸግረዋል፤ ዕውቀቱ ያለው በዐይኑና በእጁ ነውና።

እንግዲህ በአንዱ ማረሻ ላይ ሁለት ግማሽ ዕውቀት አለ ማለት ነው። የሚያሳዝነው ግን ሁለቱ ግማሾች አለመገናኘታቸው ነው። አንድ ክረምት በገበያ ተቀምጬ እንዳስተዋልኩት፣ ገበሬው የታጠፈ ማረሻ ይዞ ሲመለስ ይቆጣል እንጂ በምን ዐይነት አፈር፣ በየትኛው ወገኑ፣ በስንት ቀን እርሻ እንደ ታጠፈ አይናገርም። ቀጥቃጩም ዋጋውን ይከራከራል እንጂ ይህን አይጠይቅም። ስለዚህ ልጅ የአባቱን ማረሻ አስመስሎ ይሠራል፤ የተሻለ ማረሻ ግን ለመሥራት የሚያስችለው ነገር አይደርሰውም። አዲስ ዕቃ የሚወለደው ዕቃውን የሚሠራውና ዕቃውን የሚጠቀምበት ሰው ሲነጋገሩ ነው። ይህ ባልሆነበት ስፍራ የጎደለው ብልኀት ሳይሆን ጭውውት ነው።

2. ጋፋት

የጋፋት ነገር ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያስበው ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው ጋፋት አውሮፓውያን ሠራተኞችን አስፍረው መሣሪያ ያሠሩ ነበር። ከእነዚህ ብዙዎቹ በባዝል አጠገብ ከሚገኘው ከቅዱስ ክሪሾና የሚሲዮን ቤት የወጡ ሰዎች ሲሆኑ፣ ቴዎፍሎስ ዋልድማየር ከነርሱ አንዱ ነበር። መድፍ ማቅለጥ የነዚህ ሰዎች ሙያ አልነበረም፤ አናውቅም ብለውም ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ግን ሞክሩ አሉ። የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ፤ እንደ ገና ተሞከረ፤ በመጨረሻም ተሳካ። በ1859 ዓ.ም. 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል ተሠራ። በዓመቱ መድፉ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ በጋይንት በኩል በጨጨሆ፣ በዘቢጥና በቤተ ሖር አድርጎ፣ የጅጣን ገደል ተሻግሮ፣ በብዙ ሺሕ ሰው ጉልበት እየተጎተተ መቅደላ ደረሰ።

ይህ ታሪክ እንደ ሥራ ፈጠራ ምሳሌ ሲመሰገን እንሰማለን። ከምስጋናው ከፊሉ ተገቢ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ከሽፏል ብለው ሥራውን አለመተዋቸው፣ ወጣቶች ከፈረንጆቹ ጋር ሆነው ሥራ እንዲማሩ ማድረጋቸው፣ በመንገድ ሥራውም እርሳቸው ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ ለሠራዊታቸው ማሳየታቸው በዘመኑ እንግዳ ነገር ነበር። ነገር ግን አንድን ሥራ ፈጠራ ነው ብሎ ለመመስከር የመጀመሪያውን ዕቃ ማየት አይበቃም። ከርሱ በኋላ ምን ተሠራ ተብሎ መጠየቅ አለበት። መልሱ ያስተክዛል። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በመቅደላ ሲሞቱ፣ የጋፋት ፈረንጆች ከእንግሊዝ ጦር ጋር አገር ለቀው ወጡ፤ ጋፋትም ባዶ ቀረች። ከዚያ በኋላ የነገሡት ነገሥታት መድፍ ያገኙት በይበልጥ በግዢና በምርኮ ነው። በ1888 ዓ.ም. በአድዋ የተሰለፈው መድፍ የጋፋት ልጅ አልነበረም። ሴባስቶፖል ዛሬም በመቅደላ አለ፤ አምሳያውም በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል። የቀረው ብረቱ ነው፤ አሠራሩ አልቀረም።

ይህ የሆነው በሁለት ምክንያት ይመስለኛል። በመጀመሪያ፣ ዕውቀቱ የተያዘው በጥቂት ሰዎች ልብ ነበር፤ ሰዎቹም የተያዙት በትእዛዝ ነበር። ሰውን በትእዛዝ አስሮ ማቆየት ይቻላል፤ በልቡ ያለውን ግን አስሮ ማውጣት አይቻልም። ሁለተኛ፣ ጋፋት የምታውቀው አንድ ደንበኛና አንድ ትእዛዝ ብቻ ነበር። በዚያው እቶንና በዚያው እጅ የገበሬውን ማረሻ ማሻሻል ተጀምሮ ቢሆን ኖሮ፣ ንጉሡ ቢሞቱም ገበሬው ስለሚኖር ሥራው ጠያቂ አያጣም ነበር። ከጋፋት እስከ እስቴ ገበያ ሩቅ አይደለም፤ ሆኖም በመድፍ ሠሪውና በማረሻ ሠሪው መካከል ያለው መንገድ አልተጠረገም።

3. ንቀት እንደ ቁልፍ

አንዳንድ ሰዎች ይህን ሁሉ በባለሙያው ንፉግነት ያመካኛሉ። ይህ አባባል ግማሽ እውነት ነው። ባለሙያው ሙያውን በልቡ የቆለፈበት ሌላ ምክንያት አለ፤ እርሱም ንቀት ነው። ብረት የሚቀጠቅጠው ጠይብ፣ ሸማ የሚሠራው ቁጢት በጣሽ ተብሎ ሲሰደብ፣ ቡዳ ነው እየተባለም ሲፈራ ኖሯል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ ያወጡት ነገሩ አገርን የሚጎዳ መሆኑን አይተው ነው። አዋጁ ወጣ፤ ስድቡ ግን በአንድ ቀን አልጠፋም።

ስለዚህ ነገር የምናገረው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። በሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለሁ «የአባት ሥራ» የሚል መጠይቅ ቀርቦልን፣ አባቴ ሸማኔ ሆኖ ሳለ «ገበሬ» ብዬ ጻፍኩ። ማንም አላስገደደኝም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስለ ድርና ስለ ማግ የማውቀውን ሁሉ ለጓደኞቼ አንድም ቀን አልነገርኳቸውም። ሙያውን በልቤ ያኖርኩት በትሕትና ሳይሆን በሐፍረት ነበር። እንደ እኔ ያለ ስንት ልጅ እንዳለ አንባቢ ራሱ ይገምተው። የሚያፍርበትን ነገር የሚያሻሽል ሰው የለም፤ የሚያፍርበትን ነገር የሚሸሽ ግን ብዙ ነው።

4. ከእስቴ የወጣ አሳብ

ከዚህ የተለየ መንገድ የያዘ አንድ ምሳሌ በአገራችን አለ። እስቴ የተወለዱት አቶ ዙምራ ኑሩ በ1964 ዓ.ም. ከጥቂት ሰዎች ጋር በፎገራ ወረዳ ያቋቋሙት የአውራ አምባ ማኅበር ነው። ስለ ማኅበሩ የኑሮ ሥርዐት ብዙ ተጽፏል፤ እኔ የማነሣው የሥራውን ነገር ብቻ ነው። መሬቱ ጥቂት ስለ ነበረ ማኅበረተኞቹ ወደ ሽመና አዘነበሉ። በአገራችን ልማድ ፈትል የሴት፣ ሽመና የወንድ ነው። አውራ አምባ ይህን ልማድ ትቶ ሴቱም ይሸምን፣ ወንዱም ይፍተል አለ።

ይህን ከፍትሕ ወገን ብቻ ማየት ልማድ ሆኗል። ከሥራ ወገንም ሊታይ ይገባዋል። የምትፈትለው ሴት የክሩን ጠባይ ታውቃለች፤ የሚሸምነው ሰው ክሩ በመወርወሪያው ሥር የት እንደሚበጠስ ያውቃል። ሁለቱ በአንድ አዳራሽ ተቀምጠው ሥራ ሲለዋወጡ፣ በማረሻው ነገር የተለያዩት ሁለት ግማሾች በክር ነገር ይገናኛሉ። ይልቁንም ሽመና በዚያ የሚያሳፍር ስላልሆነ፣ ልጅ የወላጁን ሥራ ለመናገር አይደበቅም። አውራ አምባ ትንሽ መንደር ናት፤ በርሷ ሚዛን ትልቅ ፋብሪካን መለካት አይገባም። ሆኖም ዕውቀት ለመካፈል አስቀድሞ ሙያን ማክበር እንደሚያስፈልግ ታሳያለች።

5. የኩባንያ ጉዳይ

አሁን ወደ ኩባንያ እንምጣ። በጃፓን አገር ማትሱሺታ የተባለው ኩባንያ በፈረንጆች 1985 ዓ.ም. በቤት ውስጥ ዳቦ የሚጋግር መኪና ለመሥራት ይሞክር ነበር። መኪናው ሊጡን በሚገባ ማሸት አቃተው፤ ዳቦው ከላይ ሲያር ውስጡ ጥሬ ሆነ። መሐንዲሶቹ ብዙ ደከሙ። በኋላ ኢኩኮ ታናካ የተባለች የኩባንያው ሠራተኛ፣ በዳቦው ወደ ታወቀው ወደ ኦሳካ ኢንተርናሽናል ሆቴል ሄዳ ከዋናው ጋጋሪ ሥር ሆና ተማረች። ጋጋሪው ሊጡን ሲስብ እንደሚጠመዝዘውም አስተዋለች። ይህን ለመሐንዲሶቹ አስረድታ፣ እነርሱም በመኪናው ውስጥ ልዩ ጭረቶች ጨምረው፣ ዕቃው ተሳካ። ሊጥ በእጇ የምታውቅ እናት ያለችው አንባቢ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ልብ ልንለው የሚገባው ግን ኩባንያው ሠራተኛይቱን ወደ ጋጋሪው መላኩን፣ ጋጋሪውም ማሳየቱን፣ መሐንዲሶቹም ከጋጋሪ መማርን አለመናቃቸውን ነው። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል ዕቃው አይወጣም ነበር።

ወደ እኛ አገርም ካይዘን የተባለው የጃፓኖች አሠራር መጥቶ፣ በመጀመሪያ በ30 ፋብሪካዎች ተሞክሯል፤ በ2004 ዓ.ም. ለዚሁ የሚሆን ኢንስቲትዩት ተቋቁሟል። የካይዘን ዋና ነገር መሣሪያውን የሚነካው ሠራተኛ በትንሽ ቡድን ተሰብስቦ ያየውን ጉድለት እንዲናገርና መፍትሔ እንዲያቀርብ ማድረግ ነው። አሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን በስብሰባው ላይ አለቃው ብቻ የሚናገር፣ ሠራተኛውም ያቀረበው አሳብ በሌላ ሰው ስም የሚጻፍ ከሆነ፣ የቡድኑ ስም ተቀየረ እንጂ «ሙያ በልብ» አልተሻረም። ሠራተኛው ሞኝ አይደለም፤ የተናገረው ነገር የማያስከብረው ከሆነ ዝም ይላል።

በዚህ ላይ ጠንካራ መከራከሪያ አለ። ዕውቀትን ለሁሉ መግለጥ ለባላጋራ መሣሪያ ማቀበል ነው የሚሉ አሉ። ለዚህም ከራሳችን ታሪክ ምስክር ሊጠሩ ይችላሉ፤ ዐፄ ቴዎድሮስ ለመድፋቸው የጠረጉትን መንገድ በኋለኛው ክፍሉ የእንግሊዝ ጦር ራሱ ተጠቅሞበታልና። ክርክሩ ቀላል አይደለም። ይሁን እንጂ ከመደበቅ ሌላ መከላከያ አለ። በ1987 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 123 አዲስ ነገር ለፈጠረ ሰው 15 ዓመት፣ ሲራዘምም ተጨማሪ 5 ዓመት የሚጸና መብት ይሰጣል፤ ለአነስተኛ ፈጠራም ቦታ አለው። የዚህ ሕግ ምሥጢሩ ልውውጥ ነው፤ ፈጣሪው አሠራሩን በጽሑፍ ይገልጣል፣ መንግሥትም በተወሰነ ዘመን ሌላው እንዳይወስድበት ይጠብቀዋል። እንግዲህ ሕጉ ራሱ ሙያን በልብ ከማኖር ይልቅ በመዝገብ ማኖር ይሻላል የሚል ነው። ችግሩ የስማዳ ቀጥቃጭ ይህን መዝገብ አለማወቁ ነው፤ ቢያውቅም ጽሑፉን የሚጽፍለት ሰው ያስፈልገዋል።

6. መደምደሚያ

ከላይ የተባለው ሲጠቃለል አሳቤ ይህ ነው። በጋፋት ትእዛዝ ነበረ፤ መካፈል ግን አልነበረም። በገበያው ሙያ አለ፤ ክብር ግን የለም። በኩባንያውም ስብሰባ ይኖራል፤ እምነት ግን ይጎድላል። ስለዚህ አዲስ ዕቃ እንሠራለን የሚሉ ሰዎች መኪና ከመግዛታቸው በፊት ሦስት ነገር ቢያደርጉ እላለሁ። ዕቃውን የሚሠራውንና የሚጠቀምበትን ያገናኙ፤ አሳቡን ያመጣውን ሰው በስሙ ይጻፉ፤ የከሸፈውንም ሙከራ እንደ ተሳካው ሁሉ መዝግበው ለተከታዩ ያኑሩ።

ለእኛ ለተማሪዎች ደግሞ የተለየ ሥራ አለን። ባለፈው ክረምት ቤት በገባሁ ጊዜ አባቴ ከሽመና ጉድጓዱ ተቀምጦ ሳለ ደብተር ይዤ አጠገቡ ተቀመጥኩ። «አባዬ፣ ድሩ ሊበጠስ ሲል በምን ታውቀዋለህ?» ብዬ ጠየቅሁት። ሥራውን አቁሞ ጥቂት ዝም አለና፣ «ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም» አለኝ። ከዚያ በኋላ እስኪመሽ ድረስ ነገረኝ፤ አንዳንዱን በቃል፣ አንዳንዱንም እጄን ይዞ ክሩን በማስዳሰስ። የጻፍኩት ጥቂት ገጽ ብቻ ነው፤ ስሕተትም አይጠፋውም። ወደ ጋይንት፣ ወደ ስማዳ ወይም ወደ ሌላ አገር ለዕረፍት የሚሄድ ተማሪ ሁሉ እንዲሁ አንድ ባለሙያ ጠይቆ ቢጽፍ፣ ይህ መጽሔት የሚያትመው አያጣም። እኔንም የሚያርመኝ ሰው ቢገኝ ደስ ይለኛል፤ ዕውቀትን መካፈል ከዚያ ይጀምራልና።