አሰልጣኙ የገባው ቃል

«ዘ ሩኪ» የተባለውን ፊልም ካያችሁት በልባችሁ የቀረው መጨረሻው ይሆናል፦ በመብራት የደመቀው የአርሊንግተን ስታዲየም፣ የሚጮኸው ሕዝብ፣ በ35 ዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ትልቁ ሊግ የደረሰው ሰው። ደግማችሁ ስታዩት ግን መጀመሪያውን እንድታስተውሉ እለምናችኋለሁ። የፊልሙ ብርታት ያለው እዚያ ነው።

በጆን ሊ ሃንኮክ ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው ይህ ፊልም የጂም ሞሪስን እውነተኛ ታሪክ መሠረት ያደረገ ነው። ሞሪስ የቤዝቦል ወርዋሪ ነበር። በ1983 የሚልዋኪ ቡድን መረጠው፤ ነገር ግን ክንዱ ደጋግሞ ተጎዳና በታችኛው ሊግ ሲንከራተት ቀረ። በኋላም ቢግ ሌክ በምትባል ትንሽ የቴክሳስ ከተማ የሳይንስ መምህርና የትምህርት ቤቱ ቡድን አሰልጣኝ ሆነ።

ተጫዋቾቹ ተስፋ ሲቆርጡ ሕልማችሁን አትተዉ ብሎ ይመክራቸዋል። እነሱም ምክሩን ወደ ራሱ ይመልሱታል፦ አንተስ? የወረዳውን ዋንጫ ካነሣን አንተም ትሞክራለህ? እሺ ይላል። ያሸንፋሉ። እሱም ትንንሽ ልጆቹን ይዞ ወደ መምረጫው ሜዳ ይሄዳል። ዴኒስ ክዌድ ከሁሉ የበለጠ የተዋጣለት እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ የሚታየው ጀግና አይደለም፣ የገባው ቃል የያዘው አባት ነው። እውነተኛው ሞሪስ በዚያ ሙከራ በሰዓት 98 ማይል፣ ማለትም 157 ኪሎ ሜትር ገደማ ወረወረ።

ድካሙ ከዚህ በኋላ ይጀምራል። ቀሪውን ታሪክ አብዛኛውን ያለ ተማሪዎቹ እናያለን። የመማሪያ ክፍሉ ሰውየው ወደ እውነተኛው ሕይወት እስኪጠራ የተቀመጠበት መጠበቂያ ይመስላል።

የትልቁ ሊግ ዘመኑን በቁጥር እንየው። በ1999 እና በ2000 በ21 ጨዋታዎች ተሰለፈ፤ የወረወረው ግን 15 ኢኒንግ ነው። አንድ ሙሉ ጨዋታ 9 ኢኒንግ ስለሆነ ሁሉም ቢደመር ሁለት ጨዋታ አይሞላም። በስሙ የተመዘገበ ድልም ሽንፈትም የለም። ተቀይሮ የሚገባ ወርዋሪ ዕጣው ብዙ ጊዜ ይህ ነው፦ ሌላው የጀመረውን ተረክቦ፣ ጥቂት ኳስ ወርውሮ ይወጣል።

ይህን የምለው ሰውየውን ለማሳነስ አይደለም። ያን ጥቂት ኳስ ለመወርወር ብዙ ከፍሏል። ነገር ግን ከእናንተ መካከል በትንሽ ቦታ የሚሠራው ሥራ የማይቆጠር የሚመስለው ካለ፣ ይህ ፊልም ሳያስበው ሐሳቡን ሊያጸናበት ይችላል።

ስለዚህ በኅብረት ስታዩት አንድ ጥያቄ አንሥታችሁ ተወያዩ፦ ሞሪስ በዚያ ሙከራ ወድቆ ቢሆንስ? እኔ ፊልሙ አይሠራም ነበር እላለሁ። ተማሪዎቹ ግን በማግስቱ ክፍል ሲገቡ፣ ፊት ለፊታቸው የቆመው መምህር ቃሉን የጠበቀ ሰው መሆኑን ያውቁ ነበር።