ለውጅግራው አዲስ ሰደፍ

በመተማ በኩል ያለው የሽንፋ ቆላ እንጨት አያኖርም። ሐሩሩ ያደርቀዋል፣ ክረምቱ ያሳብጠዋል፣ ምስጥ ካገኘው ደግሞ ይጨርሰዋል። ስለዚህም ፈረንሳዮች በ1874 እ.ኤ.አ. የቀረጹት ውጅግራ ጠመንጃ ብረቱ ደህና ሆኖ፣ ሰደፉ አንገቱ ላይ ተሰንጥቆና በጠፍር ታስሮ ቢገኝ አያስገርምም።

አዲስ ሰደፍ የሚያለብስ አናጢ እጅግ ያስደንቀኛል። ዋንዛ ለመቅረጽ ይመቻል፤ ወይራ ይከብዳል፣ ይጠነክራልም። ከሁሉም በላይ ግን የእንጨቱ ጅማት በአንገቱ በኩል ቀጥ ብሎ ማለፍ አለበት። ከዚያ ትዕግሥት የሚፈትነው ሥራ ይመጣል። ብረቱን ጥላሸት ቀብቶ እንጨቱ ላይ ይጫነዋል፤ ሲያነሳው የጠቆረውን ብቻ በመሮ ይፍቃል። ደግሞ ይቀባል፣ ደግሞ ይፍቃል፤ መቀመጫው ሁሉ እኩል እስኪጠቁር ድረስ። ከብረቱ ጅራት ኋላ የወረቀት ውፍረት ያህል ክፍተት ይተዋል፤ ያለዚያ ሲተኮስ ብረቱ ወደ ኋላ ተገፍቶ እንደ ሽብልቅ ሰደፉን ይሰነጥቀዋል። በመጨረሻ የተልባ ዘይት ደጋግሞ ያጠጣዋል።

በዚህ አገር አሮጌ ጠመንጃ ታሪክም ነው። አጼ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ሲወድቁ፣ በሠራዊታቸው እጅ በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራዕ ከግብፆች የተማረኩ ሬሚንግተኖች ነበሩ።

የአባት ጠመንጃ ያላችሁ፣ የተሰበረውን ሰደፍ ለማገዶ አትስጡት፤ የአዲሱ ልክ የሚወሰደው ከእሱ ነው።