ጥሩ ሽመልመሌ በምን ይታወቃል?

የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ አንባቢ «ሽመልመሌ»ን የሚያገኘው ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 30 ላይ፣ ያዕቆብ ከላባ መንጋ ደመወዙን በሚቀበልበት ታሪክ ነው። መስመር መስመር ያለበት እንስሳ እዚያ በዚህ ስም ከነቁጣማው ተለይቶ ይጠራል። ዛሬ ነብሩንም የሜዳ አህያውንም «ዥንጉርጉር» ብለን እናልፋለን። ጨርቅ ለሚገዛ ሰው ግን ልዩነቱ ገንዘብ ነው።

ድሬዳዋ ይህን ልዩነት ለሚያይ ዓይን ማሠልጠኛ ትሆናለች። ባቡር ከገባባት ከ1895 ዓ.ም. ጀምሮ ጨርቅ በጅቡቲ በኩል ይገባባታል፤ በጣሊያን ወረራ ዘመን የጥጥ ፋብሪካ ተተክሎባታል፤ ኢንዱስትሪ ፓርኳም በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የአገሪቱ የመጀመሪያ ነፃ የንግድ ቀጠና ሆኗል።

ከከተማዋ ቀፊራ ገበያ ሽርጥ ስትገዙ መጀመሪያ ጨርቁን ገልብጡት። መስመሩ ከጀርባም እንደ ፊቱ ከደመቀ ክሩ ከመሸመኑ በፊት ተነክሯል ማለት ነው። ጀርባው ከነጣ ግን ከላይ የታተመ ነው። ከጠርዙ አንድ ክር መዘዝ አድርጋችሁ ብታዩት ጥርጣሬው ያበቃል፤ የተነከረ ክር ዳር እስከ ዳር አንድ ቀለም ነው፣ ከታተመ ጨርቅ የወጣው ግን ቦታ ቦታ ላይ ይነጣል። ባለቀለሙ ክር በድሩ ከገባ መስመሩ በቁመት፣ በማጉ ከገባ በአግድም ይሄዳል። በእጅ በተሸመነ ጨርቅ የአግድሙን ርቀት የሚጠብቀው የሸማኔው ምት ነው። ስለዚህ ለሁለት አጥፋችሁ ዳሩን ከዳሩ ግጠሙት፤ ትንሽ መዛነፍ የእጅ ሥራ ጠባይ ነው፣ እየሰፋ የሚሄድ መዛነፍ ግን ቸልተኝነት ነው።

የተሰፋ ሸሚዝ ሲሆን ፈተናው ይከብዳል። የአግድም መስመር ጎን ስፌቱ ላይ መገናኘት አለበት፤ የደረት ኪሱም ከሥሩ ያለውን መስመር ሳይሰብር መቀመጥ አለበት። ይህን ለማሳካት ቆራጩ ተደራርቦ የተነጠፈውን ጨርቅ መስመር በመስመር ያስተካክላል፤ ጊዜም ጨርቅም ይባክናል። ለዚህ ነው ርካሽ ሸሚዝ ላይ መስመሩ ስፌቱ ጋ ሲደርስ የሚዘለው። አንዳንዱ ኪሱን በሰያፍ ቆርጦ ይለጥፋል። ፋሽን ነው ይላሉ፤ እኔ ግን ብዙውን ጊዜ ከማስተካከል የመሸሽ ዘዴ ሆኖ ነው የማየው።

ቀለሙን በእርጥብ ነጭ መሐረብ አሸት አድርጉት፤ መሐረቡ ከተበከለ አትግዙ። «አትንካው፣ አትገልብጠው» የሚል ነጋዴ ካጋጠማችሁም አጠገቡ ሌላ ሱቅ አለ።