ገንፎው የት ቀረ?

ከረመዳን በፊት መካ ውስጥ አንዲት የአገሬ ልጅ ወልዳ፣ በሰባተኛው ቀን ለዓቂቃ ተጠርቼ ሄድኩ። አዳራሽ ተከራይተዋል። ፊኛው ከወለል እስከ ጣሪያ ነው፣ የመንዲው ሩዝ በየትሪው ተዘርግቷል፣ ስልኩ ሁሉ ይቀርፃል። አራሷ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። ጠጋ ስላት፣ «እስከ ዛሬ ገንፎ እንኳ አልቀመስኩም» አለችኝ።

እኔ የወሎ ልጅ ነኝ። በእኛ መንደር ምጥ ሲይዝ ሙስሊሟም ክርስቲያኗም ማርያምን ትጠራለች። ልጅ ሲወለድ እልልታ ነው፤ ለወንድ ሰባት፣ ለሴት ሦስት። ወዲያው የገብስ ገንፎ ይገነፋል፣ መሐሉ ጎድጎድ ተደርጎ ቅቤና በርበሬ ይገባበታል፣ ጎረቤት ከቦ ይበላል። ልብ በሉ፤ ሥጋ ሲሆን የሙስሊም፣ የክርስቲያን ተብሎ ማዕድ ይለያል። ገንፎ ግን የሚታረድ ነገር የለበትም። ሁሉም ይቀምሳል።

ወጉ ጂዳ ድረስ አብሮን መጥቶ ነበር። በከራንቲናና በጉለይል ጠባብ ቤቶች ዱቄቱ ከአገር ቤት በሻንጣ ይመጣል፣ ቅቤ ሲጠፋ በሰምን ይተካል። አንዷ ትገነፋለች፣ አንዷ ጨርቅ ታጥባለች። መኖሪያ ፈቃድ የሌላት ብዙ ስለሆነች እልልታው በዝግታ ነበር፣ ለሴትም ለወንድም እኩል። በፍርሃት የመጣ ለውጥ ቢሆንም ይህኛውን እሰየው ብያለሁ። ወግ ሁሉ ባለበት ይቆይ የምል ሰው አይደለሁም።

በኋላስ? እ.ኤ.አ. ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ከሳዑዲ ወደ አገር ተመለሱ። ከ2021 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ከራንቲናም ጉለይልም ፈረሱ። ጎረቤት ሲበተን ገንፎውም አብሮ ተበተነ። በቦታው አዳራሹ ገባ።

ዓቂቃው ይቅር አላልኩም፤ ሱና ነው፣ ደስም ይላል። የምነቅፈው የገንፎውን ቦታ ለአዳራሹ መስጠታችንን ነው። ዓቂቃ የልጁ ነው፣ ሰባተኛ ቀን ይጠብቃል። ገንፎ የእናቲቱ ነው፣ በወለደችበት ቀን ይደርሳል። ስድስት ቀን ብቻዋን የተኛች አራስ በሰባተኛው ቀን ፊኛ ቢደረደርላት ምን ይጠቅማታል? አዳራሽ መከራየት የማትችለዋ የቤት ሠራተኛ ስትወልድስ ማን ይሄድላታል?

ሌላም አለ። ጂዳ አብራኝ የምትኖረው ልጅ ክርስቲያን ናት። ሙስሊም ያልሆነ ሰው መካ መግባት ስለማይፈቀድለት አራሷን ልትጠይቅ አትችልም። ዓቂቃው ላይ ያየሁትን ስነግራት ግን ምንም አላለችም፤ ተነስታ ዱቄት ነፋች። ሌሊቱን ገንፍታ፣ በፎጣ ጠቅልላ ሰጠችኝ። ሰማንያ ኪሎ ሜትር ገደማ በታክሲ ይዤው ሄድኩ። ሲደርስ ቀዝቅዞ ነበር፤ የቀዘቀዘ ገንፎ ደግሞ ታውቁታላችሁ። አራሷ ግን እስከ ሳህኑ ጠረገችው። «ማን ገነፋው?» አለች። ነገርኳት። «እንኳን ማርያም ማረችሽ ብላሻለች» ስላት አለቀሰች።

እህቶቼ፣ አዳራሹን ተከራዩ፣ ፎቶውንም ተነሱ። ብቻ የመጀመሪያው ቀን ገንፎ አይቅር። የቸገራት ካለች የገብስ ዱቄት እኛ ቤት አለ።