ግልጽ የሚኾነው ከታየ በኋላ ነው፤ በቶጎጫሌ ስላየነው ሰሌዳ የቀረበ ሒስ

እንቆቅልሽ ሲፈታ የሰማ ሰው ኹሉ «ይህማ ቀላል ነበር» ይላል፤ ጥቂት ቀደም ብሎ ግን አገር የሰጠው እርሱው ነው። ስለ መጫወቻ ፓተንት የሚነሣውም ክርክር የሚሰናከለው በዚሁ ስፍራ ይመስለናል።

ባለፈው ዕረፍት በቶጎጫሌ ሳለን፣ ከበርበራ የመጣ ጭነት ከሚራገፍበት አጠገብ የሚሠራ አንድ አናጢ ሰሌዳ አሳየን። ሶማሌዎች መሬት ጭረው የሚጫወቱትን ሻሕ አንባቢያችን ሳያውቀው አይቀርም፤ ሦስት አራት ማዕዘን አንዱ በሌላው ውስጥ ተሥሎ የጎኖቹ መካከል ሲያያዝ 24 ነጥብ ይወጣዋል፤ ኹለቱ ተጫዋቾች 12፣ 12 ጠጠር ሲደረድሩበት ባዶ ስፍራ አይቀርም። አናጢው መሥመሩን በእንጨት ላይ ቦይ አድርጎ ቀረጸና አንዷን ጠጠር አነሣ። ጨዋታው የቀሩትን ወደ ባዶው ስፍራ እያንሸራተቱ ጥቁሮቹን ነጮቹ በነበሩበት፣ ነጮቹን ጥቁሮቹ በነበሩበት ማስገባት ነው። የጠጠሮቹ እግር በቦዩ ውስጥ ስለሚያዝ በጭነት መኪና ላይ እንኳ አይወድቁም። (እኛ ሦስት ማታ ታግለን አልፈታነውም።) ፓተንት ይሰጠኝ ይኾን ብሎ ቢጠይቀን፣ አብሮን የነበረው የሕግ ተማሪ «ይህን ማንም ያስበዋል» ብሎ ነገሩን ዘጋው። የምንነቅፈው ይህን ፍርድ ነው።

በ1987 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 123 ለፓተንት የሚጠይቀው አዲስ መኾንን፣ በኢንዱስትሪ መዋልን፣ ደግሞም በሙያው መካከለኛ ዕውቀት ላለው ሰው ግልጽ አለመኾንን ነው። ይህም የሚመዘነው ከማመልከቻው በፊት በነበረው ዕውቀት ነው እንጂ፣ ነገሩ ተሠርቶ ከታየ በኋላ በሚመጣ ብልኅነት አይደለም። አሜሪካዊው ላሪ ኒኮልስ 8 ትንንሽ ኪዩቦች በማግኔት ተያይዘው የሚዞሩበትን እንቆቅልሽ ሠርቶ፣ እንደ ኤውሮጳውያን አቆጣጠር በ1972 ፓተንት አገኘ፤ ዝነኛው የሀንጋሪ ሰው ኤርኖ ሩቢክ ስለ ራሱ ኪዩብ ያመለከተው በ1975 ነው። ኋላ በተነሣው ክስ ተከሳሹ ኩባንያ፣ ጉስታፍሰን የተባለ ሰው በ1963 ፓተንት ያወጣበት ድቡልቡል እንቆቅልሽ ስላለ የኒኮልስ አሳብ ግልጽ ነበር ብሎ ተከራከረ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ግን በ1986 ክርክሩን ሳይቀበል ቀረ። ኳሱን አይቶ ኪዩቡን ማሰብ ለእኛ ቀላል ነው፤ ኪዩቡን አይተነዋልና።

ይህን ማለታችን አናጢው ይረታል ለማለት አይደለም። ወደ ባዶ ስፍራ ማንሸራተት በ1880 አሜሪካንን ያሳበደው የ15ቱ ቁጥሮች ጨዋታ ሥራ ነው። ሻሕም የሕዝብ ነው፤ የጨዋታ ደንብም በዐዋጁ ከፓተንት ውጭ ነው። እነዚህን ማጋጠም ግልጽ ነው ቢባል እኛም ለመካድ ይቸግረናል። የሚቀረው የጠጠሮቹ እግር ነው፤ ጓደኛችን ግን ይህን ገልብጦ እንኳ አላየውም። ዐዋጁ ለአነስተኛ ፈጠራ የግልጽነትን ፈተና ትቶ፣ አዲስነትና በኢንዱስትሪ መዋል በቅቶት የግልጋሎት ሞዴል ሰርተፊኬት ይሰጣል። እንዲህ ያለ በር እያለ ባለሙያን «ማንም ያስበዋል» ብሎ መመለስ የሕግ ዕውቀት ሳይኾን ስንፍና ነው።

ለአናጢው ይህንኑ ጽፈንለታል። ሰሌዳው እስካሁን ከመደርደሪያው ሥር ከኾነ መልካም ነው፤ ለገበያ ወጥቶ ከኾነ ግን ስለ አዲስነቱ ሌላ ክርክር ይጠብቀዋል።