ለጨረቃ የተነገረ ታሪክ

የጂንካ ገበያ ቅዳሜ ነው። አሪው ከደጋው ወርዶ፣ በናው ከቆላው ወጥቶ ሲገናኝ ከተማይቱ እስከ አፍ ገደፏ ትሞላለች። በዚያ ግርግር መካከል ከራሱ ጋር እያወራ የሚመላለስ አንድ ጎልማሳ አለ። ሰው መንገድ ይለቅለታል፤ የጉልት ነጋዴዋ ሙዝ ትሰጠዋለች፤ የሚያናግረው ግን የለም። ለሥራ ወደዚያ በሄድኩበት ሰሞን እኔም እንደ ሌላው ሰው መንገድ ለቅቄለት አልፌያለሁ።

በዚያው ቅዳሜ ማታ ባረፍኩበት ቤት አንድ ቆየት ያለ ፊልም አየሁ። ሩማንያ የተወለደው የፈረንሳይ ፊልም ሠሪ ራዱ ሚሃይሊያኑ እ.ኤ.አ. በ2005 ያቀረበው ነው። የፈረንሳይኛ ርዕሱ በአማርኛ «ሂድ፣ ኑር፣ ሁን» እንደ ማለት ይሆናል። አማርኛ፣ ዕብራይስጥና ፈረንሳይኛ ይነገርበታል። ርዕሱ አንዲት እናት ለልጇ የሰጠችው ትእዛዝ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው በ1977 ዓ.ም. ሱዳን በሚገኝ የስደተኞች መጠለያ ውስጥ ነው። ቤተ እስራኤላውያን ወደ እስራኤል ሊወሰዱ ተሰልፈዋል። አንዲት ክርስቲያን እናት ልጇን ከረሃብና ከሞት ለማዳን ከሰልፈኞቹ ጋር ትቀላቅለዋለች። ልጇ የሞተባት አንዲት የቤተ እስራኤል ሴት ደግሞ እጁን ይዛ በሟቹ ልጇ ስም ታሳፍረዋለች። ከዚያች ሌሊት ጀምሮ ልጁ «ሰሎሞን» ነው። ስሙ የሰው፣ ሃይማኖቱ የሰው፣ እናቱም ለሰው የማይነገርላት ትሆናለች።

የፊልሙ ጉልበት በትንንሾቹ ነገሮች ላይ ነው። ልጁ መጀመሪያ ገላውን ሲታጠብ፣ ውሃው በፍሳሹ ቀዳዳ ሲያልቅበት አይቶ ይሸበራል። አልጋ ተሰጥቶት ወለል ላይ ይተኛል። እህል አልበላም ይላል። ጫማውን አውልቆ በባዶ እግሩ ይሄዳል። ማታ ማታ ጨረቃን እናቱ አድርጎ ያወራታል። ዳይሬክተሩ ለዚህ ሁሉ የበሽታ ስም ሳይፈልግ፣ ሕመምተኛው ቀኑን እንዴት ገፍቶ እንደሚያመሽ ብቻ ያሳየናል። እኛ ዘንድ የአእምሮ ሕመም ሲነሣ ቶሎ የሚታየን ሰንሰለት፣ ጠበል፣ አለዚያም የአማኑኤል ሆስፒታል ነው፤ የሆስፒታሉ ስም ስድብ እስኪሆን ድረስ። ሕመሙ ግን አብዛኛውን ዘመኑን የሚኖረው በየቤታችን፣ በምሳና በእንቅልፍ መካከል ነው።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንላለን። ሰሎሞን የሚደብቀው ግን ወዶ አይደለም፤ እውነቱን ቢናገር መጠጊያውን ያጣል። ተረታችን ደባቂውን ይወቅሳል፤ ፊልሙ ያስደበቀውንም እንድንጠይቅ ያደርገናል። እስካሁን ምስጋና ነው።

አሁን ወደ ነቀፌታዬ ልምጣ። ሰሎሞን የተቀላቀላቸው ሰዎች እነማን ነበሩ? ከጎንደርና ከትግራይ መንደሮች ተነሥተው በእግራቸው ሱዳን የገቡ ናቸው። በመንገድና በመጠለያ የሞቱት 4 ሺህ ገደማ እንደሚሆኑ ይገመታል። ከኅዳር 1977 ዓ.ም. አንሥቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 8 ሺህ ያህሉ በአውሮፕላን ተወሰዱ። ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ደግሞ ከ14 ሺህ በላይ የሚሆኑት 36 ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ከአዲስ አበባ ተጓዙ። ከሱዳኑ መንገድ ጀርባ እንደ ፈረደ አክሉም ያሉ ቀዳሚዎች ነበሩ። እነዚህ ሰዎች ረሃብና ጦርነት ብቻ አላስነሣቸውም። በየዓመቱ በስግድ በዓል ጾመው፣ ኦሪት ተሸክመው ተራራ ሲወጡ ኢየሩሳሌም ለመግባት ይጸልዩ ነበር። ጉዞው የዚያ ጸሎት ሥራ ነው።

ጋዲ ቤን ኤዜር የተባለው እስራኤላዊ የሥነ ልቦና ሊቅ ይህን መንገድ በልጅነታቸው የተጓዙ ወጣቶችን ታሪክ አዳምጦ እ.ኤ.አ. በ2002 መጽሐፍ አሳትሟል። በታሪኮቹ ሦስት ነገሮች እየተመላለሱ አገኘ፤ አይሁዳዊ ማንነት፣ መከራና ጀግንነት። ተራኪዎቹ ራሳቸውን እንደ ጀግና ያያሉ፤ የተቀበላቸው አገር ግን ያየው ከረሃብ የተነሡ ምስኪኖችን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1985 የሃይማኖት መሪዎቹ አይሁዳዊነታቸውን ተጠራጥረው የመንጻት ሥርዓት ቢጠይቋቸው፣ በመሪዎቹ መሥሪያ ቤት ፊት ለፊት ለሳምንታት ተቀመጡ። እ.ኤ.አ. በ1996 የለገሱት ደም በስውር እንደሚደፋ ሲታወቅ በሺህ የሚቆጠሩት አደባባይ ወጡ። ይህን ፖለቲካ ብቻ አድርጎ ማየት ያሳስታል። «ታሪካችንን እመኑን» ማለት የቁስል መጠገኛም ነበር ባይ ነኝ።

ፊልሙ ጥርጣሬውን ያሳያል። ሆኖም የውስጥ ሕይወትን አብዝቶ የሰጠው እምነቱን ለተዋሰው ልጅ ነው። ለእምነታቸው የተጓዙት ግን በአመዛኙ የታሪኩ ዳራ ሆነዋል። ቄስ አማራ የተባሉት አዛውንት የሰሎሞንን ደብዳቤ ይጽፉለታል፣ ያዳምጡታል፣ ይመክሩታል፤ ለእርሳቸው ኀዘን የተተወው ቦታ ግን ጠባብ ነው። አዳማጩን ማን አዳመጠው?

ሁለተኛው ነቀፌታዬ ፍጻሜው ላይ ነው። ያደገው ሰሎሞን፣ በኢትዮጵያ የተወለደው ሲራክ ሳባሃት አሳምሮ የሚጫወተው፣ ሐኪም ሆኖ ተመልሶ እናቱን ያገኛል። እናት ትጮኻለች፤ ፊልሙ ያልቃል። እኔም አልቅሻለሁ። ነገር ግን የማግሥቱ ጧት የለም። ዓመታት የኖረ ሕመም በአንድ ጩኸት የሚወጣ ይመስላል። ስግድ ከዚህ የተሻለ ያውቃል፤ ይጾማል፣ ይለቀሳል፣ ከሰዓት በኋላ ይበላል፣ ለከርሞም ይደገማል። እስራኤል እ.ኤ.አ. በ2008 ብሔራዊ በዓል አድርጋዋለች። በመንገድ ለሞቱትም ኢየሩሳሌም በሄርጽል ተራራ ላይ መታሰቢያ ቆሞላቸው በየዓመቱ ይታወሳሉ። ኀዘኑ ቀጠሮ አለው፤ አብሮ የሚቆምም ሰው አለው።

ፊልሙ ከነጉድለቱ ሊታይ የሚገባው ነው። እኔ ካየሁት በኋላ እሑድ ጧት ከጂንካ ልነሣ ስል ጎልማሳው ባዶው ገበያ ውስጥ ቆሞ ያወራ ነበር። ቀረብ ብዬ «እንደምን አደሩ?» አልኩት።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለኝ። ከዚያም ወሬውን ቀጠለ። ስለ አንድ በሬ ዋጋ ነበር።