ሰዓት ብቻውን አያከሳም

በእንጅባራና በዳንግላ የማውቃቸው አንዳንድ ጎልማሶች ክብደት ለመቀነስ 16 ሰዓት ጾመው በቀሩት 8 ሰዓቶች ብቻ ይበላሉ። ሐሳቡን አልነቅፍም፤ የምነቅፈው ሰዓቱ ሲደርስ የሦስት ሰው እንጀራ የሚያነሣውን እጅ ነው። በቻይና አገር፥ በጓንግዡ ከተማ፥ 139 ወፍራም ሰዎች ምግባቸው ተቀንሶ ለ1 ዓመት ተመረመሩ። በ2014 ዓ.ም. በወጣው ውጤት፥ የመብያ ሰዓት በተወሰነላቸውና ባልተወሰነላቸው መካከል ይህ ነው የሚባል የክብደት ልዩነት አልታየም። እንግዲህ ዋናው ነገር ልክ ነው። አባቶቻችንም ዐቢይ ጾምን 55 ቀን የጾሙት ወገብ ለማቅጠን አይደለም፤ ሆድን ገዝቶ ለተራበ ማካፈልም የጾሙ ሥራ ነበረ። ወጣቶች ሆይ! ጎልማስነት ሳይደርስባችሁ እጃችሁን ከመሶብ በጊዜ ማንሣትን ልመዱ።